ቻርጀሩ ላይ የተተከለው ድንኳን

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ቅድስት ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። ስደክም ዝም እላለሁ፣ እሷም ዝም ትላለች። እንግዲህ የሆነ ቦታ ላይ ወሬው ቁርጥ ብሎ ቢቀር እንቅልፍ ወስዷት ነው ብላችሁ እለፉት።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ "እስቲ ያንን የመኪናና የለቅሶ ነገር ያውሩን" ይለኛል። ስንቴ ላውራው? ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ይጻፍና የፈለገ ያንብበው፣ እኔም ልረፍ ብዬ ነው።

ጭድ ተራ ውስጥ ግቢ አለኝ። ግቢ ስላችሁ አበባ የተተከለበት ምናምን እንዳይመስላችሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጭድ ነጋዴ ነበር። ግቢው የጭድ መከመሪያና የአህያ ማሰሪያ ነበር። እሱ ሲያልፍ ጭዱም ሄደ፣ አህያውም ሄደ፣ ባዶ መሬቱ ቀረ። መርካቶ ውስጥ ባዶ መሬት ምን ማለት እንደሆነ የመርካቶ ሰው ያውቀዋል። እዚህ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት የለውም። መንገዱ ጋሪ ነው፣ ተሸካሚ ነው፣ ከረጢት ነው፣ መሀል ላይ ቆሞ በዋጋ የሚከራከር ሰው ነው። ስለዚህ የሰፈራችን እድር ድንኳኑን የሚተክለው እኔ ግቢ ነው። ክርስቲያኑም ሲሞት፣ እስላሙም ሲሞት፣ ለቅሶ የሚደረሰው እዚሁ ነው። ባሌ በሕይወት እያለ የተጀመረ ነገር ነው። ማንም አስፈቅዶኝ አያውቅም፣ እኔም ፈቅጄ አላውቅም። በሩ ይከፈታል፣ ብረቱ ይገባል፣ ሸራው ይወጠራል፣ በቃ። ሰው ለመተንፈስ ያስፈቅዳል እንዴ?

ከዚያ ልጄ ተስፋዬ መጣ። የቅድስት አባት። አዎ፣ አባትሽን ነው፤ ጻፊው፣ ምን ታፈጪብኛለሽ። ተስፋዬ አብነት መታጠፊያው ላይ ሞባይል ይሸጣል። አንድ ቀን እያለከለከ መጣና ግቢውን የሚከራይ ድርጅት አገኘሁ አለኝ። ምን ሊያስቀምጡበት ነው ብለው፣ መኪና ቻርጅ ሊያደርጉበት ነው አለ። እኔ ቻርጅ የማውቀው የስልክ ነው። ስልኩ ያልቃል፣ ይሰካል፣ እሱን ሲጠብቁ ይመሻል። መኪናም አሁን እንደዚያ ሆኗል አለኝ። ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና እየገዛ ነው፣ መርካቶ ውስጥ ግን የሚሰካበት የለውም፣ ግቢሽ ወርቅ ነው አለኝ። ድሮም የጭነት ከብት መኖ የሚበላበት ግቢ ነው፣ አሁንም ያው ነው ብዬ በሆዴ አሰብኩ። የቤቴ ጣራም ያፈሳል። ተስፋዬም አይለቀኝ። እምቢ ለማለት ጉልበት ይፈልጋል፣ እሺ ለማለት ግን አንገት መነቅነቅ ብቻ ነው። ነቀነቅኩ።

ድርጅቱ ጠበቃ ላከ። እኔ ጠበቃ የማውቀው ለተጣላ ሰው ሲቆም ነው። ወንድማማች በውርስ ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲፋታ ጠበቃ ይያዛል። ይቺ ግን ከማንም ጋር ሳልጣላ ነው የመጣችብኝ። ልጅ እግር ናት፣ ብሌን ትባላለች። ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥርቅም አድርጋ አስራ፣ ቀይ ኮት ለብሳ፣ የጫማዋ ተረከዝ ሚስማር የሚያክል። ስራሽ ምንድነው የኔ ልጅ አልኳት። የቴክኖሎጂ፣ የቴሌኮምና የመኪና ቻርጅ ድርጅቶችን የሕግ ጉዳይ ነው የምይዘው አለችኝ። የስልክ ማማ የሚተክሉትም፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚነግዱትም፣ እነዚህ መኪና የሚያበሉትም ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። እንግዲህ ሽቦም ጠበቃ አለው ማለት ነው። እኔ የለኝም፣ ሽቦው አለው።

ደግ ልጅ ናት። እንዳትጠሏት አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን "እማማ፣ እኔ የድርጅቱ ጠበቃ ነኝ፤ እርስዎ የራስዎን ጠበቃ ቢያማክሩ ጥሩ ነው" ብላኛለች። የኔ ጠበቃ ተስፋዬ ነው አልኳት። ተስፋዬም አንገቱን ቀና አደረገ። ሞባይል ከመሸጥ ወደ ጥብቅና አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፣ እሱንም እኔ ጨመርኩለት።

ሊያፈራርሙን ውልና ማስረጃ ቢሮ ወሰዱን። እኔ ማንበብ ስለማልችል ውሉ ከላይ እስከ ታች ይነበብላቸው ተባለ። አቤት፣ ንባብ! እኔ አከራይ ነኝ፣ እነሱ ተከራይ ናቸው፤ እዚህ ድረስ ገባኝ። ከዚያ አንቀጹ በአንቀጽ ላይ ሲደራረብ፣ ወንበሩ ደግሞ ስፖንጅ አለው፣ በመስኮት የምትገባው ጸሐይ ጉልበቴ ላይ አረፈች። በሩቁ አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ቦታው በማንኛውም ጊዜ ከማናቸውም መሰናክል ነጻ ሆኖ ለተሽከርካሪ ክፍት እንዲሆን አከራይዋ ግዴታ ገብተዋል ሲል። መሰናክል ሲል በሐሳቤ የመጣው ጋሪ ነው። ከረጢት ነው። ጎረቤት በርበሬ ሲያሰጣ ነው። እንደዛ ያለውንማ እኔ ራሴ አባርራለሁ አልኩ። ድንኳን መሰናክል ነው ብሎ ማን ያስባል? ድንኳን እኮ ዕቃ አይደለም። ዝናብ መሰናክል ነው ይባላል?

ሲጨርሱ ጥያቄ አለዎት ወይ አሉኝ። የተኛሁ እንዳይመስል፣ ዝናብ ሲመታው አይነዝርም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይነዝርም አሉኝ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነከሩኝ፣ አተምኩ። ተስፋዬ ግንባሬን ሳመኝ።

ፍሪጅ የሚያካክሉ ነጫጭ ሳጥኖች አምጥተው ግድግዳ ግድግዳውን ገተሯቸው። ከያንዳንዱ ወፍራም ገመድ ይንጠለጠላል፣ ፊቱ ላይ ሎሚ የሚያክል ቀይ ቁልፍ አለው፣ ከላይ ደግሞ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ከዚያ መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። ድምጽ የላቸውም። ድሮ መኪና ሲመጣ ከጎጃም በረንዳ ጀምሮ ይሰማሻል፣ ዕቃሽን ታነሻለሽ። እነዚህ ግን ዞር ስትዪ ኋላሽ ቆመዋል። ስንቴ ነው ከመኪና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጥሜ "እንዴት አደርክ" ያልኩት።

ሾፌሮቹ አብዛኞቹ በስልክ የሚጠሩት ባለታክሲዎች ናቸው። መኪናው እስኪጠግብ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሰው ግቢዬ ተቀምጦ እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ አግዳሚ ወንበር አወጣሁላቸው። የሚስታቸውን ጸባይ፣ የልጃቸውን ትምህርት፣ የኩላሊታቸውን ጠጠር ሁሉ አወቅሁ። ከሁሉም ሙሉቀን የሚባለው ነው የኔ ወዳጅ። ወፍራም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ መኪናውን እንደሰካ ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል። መኪናው ሲሞላ እሱም ይሞላል።

ታዲያ አንድ ማለዳ ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ አረፈ።

ጋሽ ሸምሱ ቤቱ ከኔ ግድግዳ ጋር ነው የሚደገፈው። ከረጢት ነጋዴ ነበር። እኔና ባሌ ገና ስንጋባ ሙሽራዋን ዘይነባን ይዞ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ልጅ አልሰጣቸውም። ወንድሞቹ አገር ቤት ናቸው፣ የቀረውም ዘመድ ተበታትኗል። ከታመመ ወዲህ ዘይነባ አንድ ነገር ነበር እየደጋገመች የምትለኝ። "እኔን የሚያስጨንቀኝ መሞቱ አይደለም፣ የሁላችን መንገድ ነው። የሚያስጨንቀኝ ድንኳኑ ባዶ እንዳይሆን ነው። ማን ይቀመጥለታል?" ትለኛለች። እኔም እኔ አለሁ እላታለሁ። አንድ አሮጊት ድንኳን ይሞላል?

እስላም ጠዋት ሞቶ ከሰዓት ይቀበራል። ጊዜ የለም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ሰዎቹን አስከትሎ፣ ብረቱንና ሸራውን በጋሪ አስጭኖ፣ እንደ ሁልጊዜው በሬን ከፍቶ ገባ። ግቢው ውስጥ መኪኖች ተሰክተዋል። ጋሽ ወልዴ አያቸውና፣ ዘመዶቹ ቀድመው ደርሰዋል እንዴ አለኝ። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ ምን ልበለው? ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ በእጄ ወደዚያ አልኩት። እሱ እሺ ነው ያለችኝ ብሎ ተረዳው። እንዳይቀሰቀሱ፣ ከመንገድ ስለመጡ ደክሟቸዋል ብሎ ሸራውን በላያቸው ላይ ወጠረው። መኪኖቹም ሳጥኖቹም ድንኳን ውስጥ ገቡ። አረንጓዴው መብራት ሸራው ውስጥ ሲያበራ መስጊድ ነው የመሰለው።

ሙሉቀን አንደኛው መኪና ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ከላዩ ነጭ ሸራ፣ ዙሪያውን ነጠላ ያጣፋ ሰው፣ ሴቶች ደረት ይመታሉ። በኋላ ሲነግረኝ ላብ ያጠምቀዋል። "እማማ፣ እኔ ነኝ የሞትኩት ብዬ ነበር" አለኝ። "አንዷን ሴትዮ ሳያት ሚስቴ አይደለችም። ሚስቴስ እንዴት ቀረች ብዬ ተናደድኩ።"

ተናዶ በሩን ሲከፍት እግሩ ስር ሰው ተቀምጧል። መውጫ የለም። መኪናውን አያስነሳው፣ ከፊትም ከኋላም ሰው ነው። ምን ያድርግ፣ ወጥቶ አጎንብሶ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፣ ዘገነ። ሁለቱ ሌሎች ሾፌሮችም እንዲሁ። እንግዲህ እዚህ ላይ ያልቃል ብላችሁ ነው? በስልካቸው ያለው ነገር ደግሞ፣ ቅድስት አፕ ነው የሚባለው ትለኛለች፣ እሱ ድንኳን አያይም። ከተሰኩት ሳጥኖች ሌላ አንድ ባዶ ሳጥን አለ ብሎ ለከተማው ሁሉ ይናገራል። ሾፌሩ ይመጣል፣ በር ላይ ድንኳን ያያል፣ ለቅሶ ቤት ደርሶ መመለስ ነውር ነው፣ መኪናውን ውጪ ያቆምና ኮፍያውን አውልቆ ይገባል። "አላህ ያጥናችሁ፣ እግዜር ያጥናችሁ" ይላል። ይቀመጣል። አንዱ ሲነሳ ሁለት ይመጣል። አንዳንዱማ የራሱ ሐዘን ትዝ ብሎት ከሁላችን በላይ አለቀሰ። እናቱን በቅርብ የቀበረ አንድ ሾፌር ነበር፣ ጋሽ ሸምሱን እንዲያ አድርጎ ያለቀሰለት የለም።

ዘይነባ ቀና ብላ አየች። ድንኳኑ ጢም ብሏል። እነዚያ ሁሉ ጎልማሶች፣ የመኪና ቁልፍ በእጃቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "አንቺ፣ ሸምሱ ይሄን ሁሉ ባለመኪና መቼ አወቀ?" አለችኝ።

ምን እላታለሁ? ለመኪናቸው መብራት ፍለጋ የመጡ ናቸው ልበላት?

"የዋህ ሰው ወዳጁ ብዙ ነው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስታለቅስ ለየት አለ። ይሰማል እኮ፣ ሰው ብቻውን ሲያለቅስና ሰው ከቦት ሲያለቅስ።

ጀናዛው ወጣ፣ ወንዶቹ ቀብረው ተመለሱ። እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሲመለሱ ደክሟቸው ነጩን ሳጥን ደገፍ አሉ። ቀዩን ቁልፍ በጀርባቸው ተጫኑት። ለካ ቀዩ ቁልፍ አደጋ ሲመጣ የሚነካ ነው። ሁሉም ሳጥን ድርግም አለ። ድርጅቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ይሄን ያያል ለካ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አንድ ልጅ ነው፣ እማማ ምን ተፈጠረ ይለኛል። እኔ በለቅሶ መሀል ነኝ፣ ሴቶቹ እየጮሁ ነው፣ ሰው ሞቶብን ነው አልኩት። የት አለኝ። እዚሁ ግቢ ድንኳን ውስጥ ነን አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

ያ ልጅ የተረዳው ማሽናችን ሰው ገደለ ብሎ ነው።

ብሌን እንዴት እንደመጣች አላውቅም፣ በርራ ነው መሰል። በሩ ላይ ስትደርስ የምታየው ምንድነው? ድንኳን፣ ድንኳኑ ውስጥ የድርጅቷ ሳጥን፣ ሳጥኑ ስር የሚያለቅስ ሰው። ቀይ ኮቷን ያዩ ሴቶች ከፊቷ ቆመው በቀይ አይገባም ብለው ነጠላ አለበሷት። በዚያ ሚስማር ጫማ መሬቱን እየወጋች መጥታ አጠገቤ ወደቀች። እንባዋ የእውነት ነው። ለማን እንደምታለቅስ ግን እሷና ድርጅቷ ያውቃሉ።

ቆይታ፣ ቆይታ፣ በቀስታ "እማማ፣ ሟቹ በምን ሞቱ?" አለችኝ።

"በስኳር በሽታ ነው ልጄ። ዓመት ሙሉ ተኝቶ።"

"ተመስገን" አለች። ጮክ ብላ። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና።

ጋሽ ወልዴ ዞሮ አያት። ዘይነባም አየቻት። እኔ ደግሞ አፌ ቶሎ የሚደርስልኝ ቀን አለ፤ ዓመት ሙሉ ሲሰቃይ ኖሮ አላህ ገላገለው ማለቷ ነው አልኳቸው። ሰዉም እውነትም ተመስገን አለ፣ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ጀርባዋን ዳበሰቻት፣ ሸምሱን ታውቂው ነበር ወይ አለቻት። ብሌን በጣም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ምሳ ቀረበላት፣ በላች። ከድንጋጤ የተረፈ ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ። አሁን ማሽኑ ሰው እንዳልገደለ ገብቷታል፣ ስለዚህ የመጣችበት ሌላ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት ልታወጣ ስትል አዲስ ለቅሶ ደራሽ ይገባል፣ ሁላችንም እንነሳለን፣ እሷም ትነሳለች። ትቀመጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ጋሽ ወልዴ የእድር ጉዳይ ይናገራል። ከዚያ ዱዓ ይሆናል። ከዚያ ሻይ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ውል ማውራት አይቻልም፣ እሷም አሳደጓት እንጂ ከድንጋይ አልወጣችም፣ ታውቀዋለች። በመጨረሻ እኔው አዘንኩላትና ወደ ጓዳ ይዣት ገባሁ።

ወረቀቱን ዘርግታ ነገረችኝ። ድንኳኑ መሰናክል ነው። ውሉ ተጥሷል። ሾፌሮቹ ለድርጅቱ ይከፍላሉ፣ እዚህ መጥተው ንፍሮ በልተው ነው የሚመለሱት። ድርጅቱ ከፈለገ ውሉን አፍርሶ ኪሳራ ይጠይቃል። ካልሆነም ይሄ ለቅሶ ያለቀ ዕለት ድንኳን ሁለተኛ እዚህ ግቢ አይተከልም ብዬ ላትም ነው። ልጅቷ ስታወራ አይኗን አላነሳችም።

እኔ ደክሞኝ ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ወገቤ ይቆረጥማል።

"ውሉ ለስንት ጊዜ ነው ያላችሁኝ?" አልኳት።

"ለአስር ዓመት ነው እማማ።"

"እንግዲያው እኔ ውሉ ሳያልቅ ነው የምሞተው።"

"ኧረ እማማ፣ ምን ይላሉ..."

"ልጄ፣ ዕድሜዬን አታይም? ሰፈሩ ሁሉ ያለቀሰበት ግቢ ነው። የኔ ድንኳን የት ይተከላል?"

ብሌን ወረቀቱን አገላበጠች። አንዱን ገጽ አየች፣ ሌላውን አየች። ተመልሳ መጀመሪያውን አየች። ያለ የመሰላት ነገር ነበር።

"ውሉ ላይ የለም" አለችኝ በቀስታ።

ውጪ ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ዘይነባ መሀላቸው ናት። ብሌን ወረቀቷን አጠፈችና ለቅሶው እስኪያበቃ ይቆይ ብላ ተመልሳ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። ስልኳ ጠራ፣ አላነሳችም።

ድንኳኑ የተነቀለ ዕለት ስብሰባ ተባለ። ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፣ የሾፌሮቹ። እኔ፣ ጠበቃዬ ተስፋዬ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ብሌን፣ ደግሞ አለቃዋ በስልክ ውስጥ። ተስፋዬ ውሉን የመከረኝ እሱ ስለሆነ ጥፍሩን ያያል። አለቃዋ ክፉ አይደለም፣ ድምጹ ጨዋ ነው፣ ግን ሰው ምን እንደሆነ ትንሽ ይረሳል። ድንኳኑን እንፈቅዳለን፣ ባህሉን እናከብራለን፣ ግን እንደማንኛውም የስራ መቋረጥ አስራ አምስት ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይነገረን አለ።

ጋሽ ወልዴ ስልኩን ጠጋ ብሎ "ልጄ፣ እኛም ቀድሞ ቢነገረን ደስ ይለን ነበር" አለው።

ብሌን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጋሽ ወልዴ ሳይቆጣ፣ ሳይጮህ፣ እንዲያው የአየር ጸባይ እንደሚያወራ ሰው ነገረው። ግቢው ካልተፈቀደ እድሩ ያለ ድንኳን አይቀርም። የቀረው ቦታ መግቢያው ነው፣ ቀጭኗ መንገድ አፍ ላይ። እዚያ ሲተከል ጋሪም አያልፍም፣ መኪናማ አይታሰብም። ግቢያችሁ ከመሰናክል ነጻ ሆኖ ይውላል፣ ውላችሁም አይነካም፣ መኪና ግን አይገባበትም አለው። ብሌን ያኔ ገባችበት። የድርጅቱ ጠበቃ ናት፣ ለድርጅቱ ነው የምትመክረው፣ እኔም አልተቀየምኳት። መንገዱ ውሉ ውስጥ የለም፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ቢተክሉ ምንም ማለት አንችልም፣ ስለዚህ ሦስት ቀን መስጠት ይሻለናል፣ ሞትን ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ውስጥ እናስገባዋለን አለች። በሕግ እንዲህ የሚባል ነገር አለ ለካ። ከአቅም በላይ መሆኑን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማረችው?

እሺ ተባለ። ማንም እድርተኛ ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ድርጅቱም ወዲያው ሲነገረው ቦታው ተዘግቷል ብሎ ለሾፌሮቹ ይናገራል። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አለቃው ግን ባዶ እጁን መግባት አልሆነለትም። ሞትን ቀድሞ መናገር ካልተቻለ ሕመም ይነገር አለ። የእድሩ አባላት በጠና ሲታመሙ ለድርጅቱ ይላክለት። ጋሽ ወልዴ የሰውን ሕመም ለመኪና አልናገርም ብሎ ዱላውን አነሳ፣ ሊሄድ። ተስፋዬ ለመነው፣ ብሌን ለመነችው፣ ስልኩም ለመነው። ጸሐይዋ ደግሞ አናቴ ላይ ነች። መቼም ልገላገል ብዬ፣ በቃ የሌላው ይቅር፣ የኔን ብቻ እነግራችኋለሁ አልኩ። ግቢው የኔ አይደል? አንገቴን ነቀነቅኩ። ይሄ አንገቴ።

አዲሱ ሲነበብልኝ ቆሜ ነው ያስነበብኩት። ስፖንጁ ወንበር ላይ አልቀመጥም አልኩ። ሁሉንም ሰማሁ፣ ሁሉም ገባኝ፣ አተምኩ። ዘይነባ እስካሁን ስለነዚያ ባለመኪኖች ታወራለች። በሳምንት አንዴ ሙሉቀን ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ የሸምሱን ነገር ትነግረዋለች፣ እሱም እንደሚያውቀው ሰው ይሰማታል። አሁንማ በእውነት ያውቀዋል።

እኔስ? ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝ። ተራ ጉንፋን ነው፣ ትንሽ ያስለኛል፣ ትንሽ ያተኩሰኛል። በጠና ነው አልተባለም፣ ግን ተስፋዬ ከዚያ ወዲህ ውል ይፈራል፣ ለማንኛውም ላኪላቸው ብሎ ቅድስትን አዘዛት። ይቺም ታዛዥ፣ አያቴ ታመዋል ብላ ላከች። ድርጅቱም ታዛዥ፣ ይሄ ቦታ በማንኛውም ሰዓት ሊዘጋ ይችላል ብሎ ለሾፌሩ ሁሉ ስልክ ላይ አወጣው።

እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። ግቢው ሞላ። እሷ ሳትሞት እንሙላ ብለው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ መጣ። ሰልፉ ከበሬ ወጥቶ ጭድ ተራን ዞሮ ሄዷል። ባለጋሪው ይሳደባል፣ ተሸካሚው መኪናው ጣራ ላይ ከረጢት አሳርፎ ይተነፍሳል። እኔ ሳስል ሁሉም ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ፣ ድምጽ ሳላሰማ እንኳን ለመሳል ፈራሁ። ጠያቂዎቼም ከወትሮው በዙ። ብርቱካን ይዞ የሚገባው፣ ዳማከሴ ይዞ የሚገባው፣ አንዱ የማላውቀው ሾፌር ጭራሽ ሐኪም ቤት በነጻ ላድርስዎት ብሎ መኪናውን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ። ወልጄ ያሳደግኩት ተስፋዬ በቀን አንዴ ነው የሚጠይቀኝ።

በሁለተኛው ቀን ሙሉቀን ሎሚና ዝንጅብል ይዞ ገባ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አልጋው አጎነበሰ።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እንዴት ነዎት?"

"ተሽሎኛል" አልኩት።

አየኝ። ፊቴን አየ፣ አይኔን አየ። ከዚያ በሩ ላይ ወጥቶ ለሰልፉ ተናገረ፣ "ተሽሏቸዋል፣ ሂዱ፣ ወደ ስራችሁ" ብሎ። ድምጽ የላቸውም አላልኳችሁም? አንድ በአንድ እንዴት እንደሄዱ አልሰማሁም። መስኮቱን ስከፍት መንገዱ ተመልሶ የጋሪ ሆኖ ጠበቀኝ።

ዛሬ ጠዋት ብሌን ደወለችልኝ። እንኳን ዳኑ አለችኝ፣ ከልቧ ነው። ከዚያ ትንሽ አመነታችና፣ ሕመሙን በጽሑፍ ስላሳወቁ በውሉ መሰረት መዳንዎንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት አለችኝ።

እና ቅድስትዬ፣ ይሄን ስትጨርሺ ለነሱም አንድ መስመር ላኪላቸው። ድናለች በይ። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትራመዳለች በይ። ደክሟታል ግን እንዳትዪ፣ በሞቴ። ደክሟታል ካልሽ መኪናው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።